የአህያዋን አመል እናውቃለን፣ የመኪናውን ማን ይንገረን?

ግልጽ ደብዳቤ ከጎጃም

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ለክልላችን የትራንስፖርት ቢሮ
መኪና ለምታስመጡና ለምትሸጡ ሁሉ

ጉዳዩ፦ «ራሱ ይነዳል» እየተባለ ስለሚሸጥ መኪና

ጤና ይስጥልን።

ደብረ ማርቆስ የምኖር ሾፌር ነኝ። መሪ ከጨበጥኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በረዳትነት ጀመርኩ፣ አይሱዙ ያዝኩ፣ ከዚያ ቅጥቅጥ፣ በኋላም ተሳቢ። ዓባይ በረሃን ስንት ጊዜ እንደወረድኩ መቁጠር ትቻለሁ። አሁን ወገቤ እምቢ ስላለ ረጅም መንገድ አቁሜ መንጃ ፈቃድ የሚያወጡ ልጆችን አለማምዳለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «እሱ ደግሞ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃል?» ለሚል ሰው ነው። ስለ ኮምፒውተር ብዙም አላውቅም። ስለ መንገዱ ግን ጠይቁኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የእህቴ ልጅ መኪና ነው።

ልጁ አዲስ አበባ ይሠራል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ እንደ ብዙ ሰው እሱም የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። መኪናው ቆንጆ ነው፤ አልዋሽም። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው። ሲነሳ እንደ አገው ፈረስ ነው። ሻጩ ቁልፉን ሲያስረክበው «ሰፊ መንገድ ላይ እጅህን ልቀቅ፣ ራሱ ይነዳል» አለው። የሻጩን ስም አልጠራም፤ ይህን የሚለው እሱ ብቻ አይደለምና። የመኪናው መመሪያ በቻይንኛ ነው። ስክሪኑ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ቻይንኛ። ልጁ የተረዳው ሻጩ በአፉ የነገረውን ብቻ ነው።

በጥር ለሰርግ ወደ ቡሬ አብረን ወጣን። ደምበጫን አልፈን መንገዱ ቀና ሲል «ጋሼ፣ እይልኝማ» ብሎ እጁን ከመሪው አነሳ። ሰማንያ ላይ ነበርን። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። መሪው ብቻውን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ ይላል። ነጩን መስመር ይዞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ትከሻዬ የተሸከመውን ሥራ ይሄ ነገር ያለ ሰው ሲሠራው ማየት ቀላል አይደለም።

የገበያ ቀን ነበር። ከፊታችን ጤፍ የተጫኑ አህዮች የመንገዱን ቀኝ ይዘው ይሄዳሉ። አንደኛዋ ምን እንደታያት እንጃ፣ ዘው ብላ ወደ አስፋልቱ ገባች። ልጁ መሪውን ይዞ ወደ ግራ ሊያመልጥ ሲል መሪው ወደ ቀኝ መለሰው። ወደ አህያዋ! ታገለው። ጉልበት ስላለው አሸነፈ። ጆንያው ስፖኪዮውን ጠርጎት አለፈ። ከኋላ የሚነዷቸው እናት «በወላዲት!» ብለው ጮኹ።

ቆመን ወርደን ይቅርታ ጠየቅን። እሳቸው ግን የተናደዱት በአህያዋ ነበር። «ይቺ ሁልጊዜም እንዲህ ናት፣ መኪና ስትሰማ መሐል ትገባለች። እኔ ነበርኩ ከዳር መያዝ የነበረብኝ» አሉን።

እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። እኚህ ሴት የአህያቸውን አመል አብጠርጥረው ያውቃሉ። እኛ ግን ሚሊዮኖች የወጣበትን መኪና ይዘን የመኪናችንን አመል አናውቅም።

በዚህ አላበቃም። ጂጋን አልፈን ወደ ፍኖተ ሰላም ስንቃረብ፣ ፊታችን ላይ ምንም ነገር ሳይኖር መኪናው በራሱ ፍሬን ያዘ። ቀበቶው ደረቴን ሰነጠቀው ማለት ይቻላል። ከኋላችን የነበረው አይሱዙ ለጥቂት ነው የዳነን። ባለ አይሱዙው እያለፈን በመስኮት «ጠጥተሃል እንዴ?» አለው። መኪናው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ብትለው ማን ይሰማሃል?

የመሪውን ነገር ሰርግ ቤት ገብተን አንድ ኢንጂነር ዘመድ አስረዳን። መኪናው በካሜራ መስመሩን ያያል። ፍሬቻ ሳታሳይ መስመር ልታልፍ ስትል «ይሄ ሰው እንቅልፍ ወስዶታል» ብሎ ይገምትና ይመልስሃል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን አህያ ድንገት ስትገባበት ፍሬቻ የሚያሳይ ሾፌር ማን ነው? ደግሞ ቅንብሩን ማጥፋት ይቻል ነበር። የት እንደሚጠፋ የሚነግረው ጽሑፍ በቻይንኛ ሆኖ ነው እንጂ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ሳነብ ሳስነብብ ከረምኩ። መሐንዲሶች መኪና ራሱን ምን ያህል እንደሚነዳ ከ0 እስከ 5 ደረጃ አውጥተውለታል። 0 ማለት የእኔ አሮጌ አይሱዙ ነው። 5 ማለት የትም ቦታ፣ በዝናብም በጉምም ያለ ሰው የሚሄድ ነው። ይህ ገበያ ላይ የለም። በአሜሪካ ፊኒክስና ሳን ፍራንሲስኮ ያለ ሾፌር ሰው የሚያመላልሱት ዋይሞ የሚባለው ኩባንያ ታክሲዎች 4 ላይ ናቸው፤ እነሱም የሚሠሩት ካርታው አስቀድሞ በደንብ በተነሳ፣ ክልሉ በታወቀ ቦታ ነው። የእህቴ ልጅ መኪና 2 ነው። 2 ላይ ነጂው አንተ ነህ። መኪናው ያግዝሃል እንጂ አይነዳልህም። እንግዲህ «ራሱ ይነዳል» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ እናንተ ጠይቁልኝ።

ሰው ይሻላል ለማለት እንዳልተነሳሁ ግን እወቁልኝ። ሰውን አውቀዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከመቶ 92ቱ የሚሞቱት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፤ ከዓለም መኪና ግን ያለን 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እነዚህን ሰዎች ሮቦት አልገደላቸውም። እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ሌሊት ጫት ቅሜ ስነዳ ሉማሜ ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ረዳቴ ትከሻዬን በቡጢ ሲለኝ የፊት ጎማ ከአስፋልት ወርዶ ነበር። ከኋላ አርባ ስምንት ሰው ተኝቷል። ያን ሌሊት መሪውን የሚመልስ ማሽን ቢኖረኝ እግሩን እስም ነበር።

ለዚህ ነው ማሽኑን የሚደግፉትን ሰዎች ክርክር ዝም ብዬ የማልጥለው። ማሽን አይጠጣም፣ አይቅምም፣ ከሚስቱ ተጣልቶ አይወጣም። ዋይሞ ከመድን ኩባንያው ስዊስ ሪ ጋር ያወጣው ጥናት፣ 40 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ሾፌር ተሂዶ የአካል ጉዳት የካሳ ጥያቄ ሰው ከሚነዳው በ92 በመቶ አነሰ ይላል። ጥናቱ ውስጥ የኩባንያው እጅ አለበት፤ ቢሆንም የሚናቅ ቁጥር አይደለም። በሌላ በኩል ራንድ የሚባለው የምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. ሲያሰላ፣ መኪናው በሞት አደጋ ከሰው እንደማይብስ ለማረጋገጥ አንድም ሰው ሳይገድል 440 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ አለበት ብሏል። ያም ሆነ ይህ ዋይሞ ኪሎ ሜትሩን ሁሉ የሄደው እዚያው አሜሪካ ነው። በገበያ ቀን በእኛዋ አማኑኤል ከተማ በኩል ያለፈ የለም።

የቦታ ነገር ቀልድ አይደለም። ቮልቮ ትልልቅ እንስሳትን ለይቶ የሚያቆም መሣሪያ ስዊድን ውስጥ በዚያ አገር አጋዘን አስተምሮ ሠራ። አውስትራሊያ ሲወስደው ካንጋሮ ግራ አጋባው። መሣሪያው ርቀት የሚለካው እንስሳው የቆመበትን መሬት አይቶ ነው። ካንጋሮ ደግሞ ይዘላል። አየር ላይ ሲሆን ሩቅ ይመስለዋል፣ ሲያርፍ ቅርብ። በ2017 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ራሱ ነው ይህን የተናገረው። እኔ ሳነበው ያቺ አህያ ናት የታወሰችኝ። ግራና ቀኝ ጆንያ ተጭና፣ ከላይ ጭራሮ ተደርቦባት፣ እግሯ ብቻ የሚታይ አህያ ለካሜራው ምንድን ናት? ጎተራ የሚመስል ነገር በእግሩ እንደሚሄድ ማን አስተማረው?

ሰውስ ቢሆን? በ2018 እ.ኤ.አ. አሪዞና ውስጥ ቴምፒ በምትባል ከተማ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት ከረጢት ያንጠለጠለችበትን ብስክሌት እየገፋች መንገድ ታቋርጣለች። ዜብራ ላይ አልነበረችም። ኡበር የሚባለው የታክሲ ኩባንያ የሙከራ መኪና በኮምፒውተር እየተነዳ መጥቶ ገደላት። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መረመረው። መኪናው ሴትየዋን ያያት ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ ቀድሞ ነው። 5.6 ሰከንድ ብዙ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ባዶ ተሳቢ እንኳ ይቆማል። ታዲያ ማሽኑ ማንነቷን መወሰን አቃተው። አንዴ መኪና ናት አለ፣ አንዴ ሌላ ነገር፣ አንዴ ብስክሌት። ስሟን በቀየረ ቁጥር ወዴት እየሄደች እንደነበር ይረሳል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ይህ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ሰው ከዜብራ ውጭ ያቋርጣል የሚል ሐሳብ አልገባበትም።

እስኪ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ዜብራ ላይ የሚያቋርጥ ሰው ቁጠሩ። እንጨት ተሸክማ ጎንበስ ያለች ልጅ አለች። ጥላ የያዙ ቄስ አሉ። ጊደር የሚከተል እረኛ፣ ከመቃብር የሚመለስ ለቀስተኛ፣ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ደግሞ ያን ሁሉ ፈረሰኛ አስቡት። እኛ አገር መንገድ መኪና የሚያልፍበት ሰፈር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ሙሉ በሙሉ ራሱን የሚነዳው መኪና ጎጃም እስኪደርስ እኔ ላልኖር እችላለሁ። እሱ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ግማሹ ነው። ግማሹ መኪና ሾፌሩን ያስተኛዋል፤ ነገር ሲበላሽ ደግሞ «ተረከበኝ» ይለዋል። በቴምፒው መኪና ውስጥ ሰው ነበረች፤ ሥራዋ መንገዱን መጠበቅ ነበር። ዓይኗ ግን ስልኳ ላይ ነበር። እፈርድባታለሁ፣ ግን ይገባኛል። ምንም ሳይሠራ መንገድ ላይ እንዲያፈጥ የተቀመጠ ሰው ያንቀላፋል። ረዳት ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ከሾፌሩ ቀድሞ የሚተኛው ረዳቱ ነው።

ቻይናም ይህን አይታዋለች። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. አንሁይ በሚባል ክፍለ ሀገር አንድ የሻኦሚ ኤሌክትሪክ መኪና በእገዛ ሥርዓቱ በሰዓት 116 ኪሎ ሜትር እየሄደ የሚታደስ መንገድ ላይ ደረሰ። መኪናው አስጠነቀቀ። ነጂዋ መሪውን ተረከበች። ጥቂት ሰከንድ ሳይቆይ ከኮንክሪት ጋር ተጋጩ። ሦስት ተማሪዎች ሞቱ። በቀጣዩ ወር የቻይና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር የመኪና ኩባንያዎችን ሰብስቦ፣ በማስታወቂያ ላይ «ራሱን የሚነዳ» እና «ብልህ አነዳድ» የሚሉ ቃላትን ከለከለ። «የሚያግዝ» በሉ አላቸው።

አያችሁ? ሠሪው አገር የከለከለውን ቃል እዚህ ሻጩ በነፃነት ይናገረዋል። እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ይህን ቃል እኛም አገር ከልክሉት። የሚገባው መኪና ስክሪንና መመሪያ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ይሁን። መኪናው ምን እንደሚችል ሻጩ ይንገር፤ ምን እንደማይችል ግን በጽሑፍ ሰጥቶ ያስፈርም። እኔ በማለማምድበት ቦታ ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ማርሽ እናስተምራለን። መሪው ከሰው ጋር ሲታገል ምን ይደረጋል የሚል አንድ ገጽ የለንም።

ዓባይ በረሃን ሳላነሳ ባልፍ የሚያውቁኝ ይታዘቡኛል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሺህ ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ ሕዳሴ ድልድይን ትሻገራለህ፣ ያንኑ ያህል ትወጣለህ። አስፋልቱ ቦታ ቦታ ላይ እንደ ጨርቅ የተሸበሸበ ነው፤ መሬቱ ይንሸራተታል። መስመር ያለበት ቦታ አለ፣ የጠፋበትም አለ። በክረምት ጉም ሲወርድ የራስህን ኮፈን አታይም። ድንጋይ ይወርዳል፣ ዝንጀሮ ይወርዳል። ይህን ቁልቁለት ለልጆች ስናስተምር አንድ ነገር ነው የምንለው፤ በከባድ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬንህን አታቃጥል። ኤሌክትሪክ መኪና ግን ማርሽ የለውም። ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ጥሩ ነገር ነው። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን ኃይሉን የሚያስገባበት ስለማይኖር አያያዙ ይቀንሳል። ደጀን ላይ ቻርጅ ሞልቶ ወዲያው ቁልቁለቱን የጀመረ ሰው ይህን ካላወቀ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ይህንንም የነገረን ሻጭ የለም። ያው ኢንጂነሩ ዘመዳችን ነው፣ ጠላ እየጠጣ።

ሌላው ተጠያቂነት ነው። በቴምፒው አደጋ ዓቃቤ ሕግ ኩባንያውን በወንጀል አልከሰሰም። የተከሰሰችው መኪናው ውስጥ የተቀመጠችው ናት። በ2023 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ደግሞ ክሩዝ የሚባል ኩባንያ ሾፌር አልባ ታክሲ፣ ሌላ መኪና ገጭቶ ፊቱ የጣላትን ሴት ከሥሩ ይዞ 6 ሜትር ያህል ጎተታት። ሰው ቢሆን ኖሮ ይወርድና ያያል። ማሽኑ ዳር ልያዝ ብሎ ነው የጎተታት። ኩባንያው የመጎተቱን ነገር በሪፖርቱ አድበስብሶት ተገኘ፤ ፈቃዱ ታገደ፤ በኋላም የሐሰት ሪፖርት ማቅረቡን አምኖ 500 ሺህ ዶላር ተቀጣ።

እዚያ ይህን ያወጣው የመኪናውን መረጃ ማንበብ የሚችል መሥሪያ ቤት ስለነበረ ነው። እኛ ዘንድ ትራፊኩ በሜትር ይለካል፣ በኖራ ያሰምራል፣ ምስክር ይጠይቃል። በዚያ ሰከንድ መሪውን የያዘው ልጁ ነበር ወይስ መኪናው? ይህ የተጻፈው መኪናው ሆድ ውስጥ ነው፤ የሚከፍተው ደግሞ ሠሪው። አስመጪው ይህን መረጃ ለመርማሪ እንዲያስከፍት ሳይገደድ መኪናው ባይገባ እመርጣለሁ። አለዚያ የሚታሰረው ሾፌሩ ነው። ሰው ከሞተ ሽማግሌ የሚልከው፣ ካሳ የሚለምነው፣ ተዝካር ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጠው የሾፌሩ ቤተሰብ ነው። ኩባንያው ሽማግሌ ይልካል?

ሙከራም ቢሆን አዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ አድርጋችሁ እንዳትመለሱ። ወደዚህ ኑ። መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን ምረጡና በገበያ ቀን ኑ። ስልኬን ለቢሮው ሰጥቻለሁ፤ ከደጀን እስከ ቡሬ አጠገባችሁ ተቀምጬ እመጣለሁ፣ አበል አልጠይቅም። የእህቴ ልጅም መኪናውን እሰጣለሁ ብሏል። እነዚያን እናት ካገኘናቸው አህያዋን ያሳዩአችኋል። ብቻ ከደብረ ማርቆስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት መነሳት አለብን፤ አለዚያ ደምበጫ የምንደርሰው ገበያተኛው አልፎ ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የደብረ ማርቆስ ሾፌር